ለእንግዳ የተለየ ድስት

ወደ ጎጃም የሄድነው ለሠርግ ነው። ስድስት ነበርን፦ የአንዲት ትንሽ የቱርክ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ የሆኑት ኡስታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ አብረዋቸው የሚሠሩ ሁለት ሴቶች፣ የሙሽራው ባልደረባ የሆነ አንድ አስተናጋጅ፣ ሾፌሩና እኔ። ከስድስታችን የምግብ ቤቱ ባልደረባ ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ ደንበኛ ነኝ። ደንበኛ ለአስተናጋጅ ሠርግ አባይን ተሻግሮ የሚሄድበት ምክንያት ስላለኝ እሱን ላስቀድም።

እናቴ ያረፈችው በ2005 ዓ.ም. ነው። አርባዋ ከወጣ በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ተመለሰና ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። አንድ ማታ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ቤቴ መግባት አቃተኝ፤ ቦሌ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ የቱርክ ምግብ ቤት ገባሁ። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። ገና ሳላዝ ሽበታም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ፤ ጥቁር ልብሴን አዩና ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው የምስር ሾርባ ይዘው መጡ። ላዩ ላይ በቀይ በርበሬ የተቁላላ ቅቤ ፈስሶበታል። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጾመኛ መሆኔን በአስተናጋጁ በኩል ሳስረዳ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ሳህኑን አንስተው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌላ ሾርባ መጣ፤ በዘይት የተሠራ። ሒሳብ ስጠይቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። በአገራቸው ሐዘን የገባበት ቤት እሳት አይነድም፤ አብስሎ የሚያመጣው ጎረቤት ነው። የእኛም አገር እንዲሁ ነው አልኳቸው። "እንግዲያው እኔ ጎረቤት ነኝ" አሉ፤ አስተናጋጁ ተረጎመልኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስሄድ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ትንሽ ድስት አሳዩኝ። የጾም ድስት ነው፤ ሥጋም ቅቤም አይነካውም። እነሆ ስድስት ዓመት ሙሉ ምግቤ የሚወጣው ከዚያ ድስት ነው፤ በፍስክ ቀንም ቢሆን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ በአገራችን ልማድ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህን ካወቁ ወዲህ አንድም ቀን ሥጋ አቅርበው አላስጨነቁኝም። ምስር፣ በወይራ ዘይት የተሠራ ደበርጃን፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ በመጨረሻም ወገቡ በጠበበ ትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ቀይ ሻይ።

ኡስታ ስማቸው አይደለም። በቱርክኛ በእጁ ሙያ የተካነ ሰው ኡስታ ይባላል፤ ሠራተኞቹም እኛም የምንጠራቸው በዚሁ ነው። እሳቸው ደግሞ እኔን "ሆጃም" ይሉኛል፤ "መምህሬ" ማለት ነው። ያ ይተረጉምልኝ የነበረው አስተናጋጅ አገሩ ጎጃም መሆኑን የነገራቸው ዕለት ቃሉ አንድ መስሏቸው "የመምህሬ አገር" ብለው እንደ ተረዱት ብዙ ጊዜ ያነሡታል። ልጁን "ኦሉም" ብለው ነው የሚጠሩት፤ "ልጄ" ማለት ነው። በ18 ዓመቱ ከማቻከል ወረዳ መጥቶ ሳህን በማጠብ ጀምሮ፣ ዛሬ ከእሳቸው ጋር በቱርክኛ የሚጨዋወት ሰው ሆኗል። ሠርጉ ሲቆረጥ እናቱ መልእክት ላኩ፦ "ልጄን ሲያበላ የኖረውን ሰው ሳላበላ ሙሽራ አላስገባም።"

ዓርብ፣ ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። የምግብ ቤቱ በር ላይ "በሠርግ ምክንያት እስከ ማክሰኞ ዝግ ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የኡስታ ባለቤት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አልመጡም፤ ሊሸኙን ግን በር ላይ ቆመዋል። መኪናው ሲንቀሳቀስ በእጃቸው የያዙትን አንድ ጆግ ውሃ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ደፉት። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። በቱርክ መንገደኛ የሚሸኘው እንዲህ ነው፤ ውሃው "እንደ ውሃ ሂድ፣ እንደ ውሃ ተመለስ" የሚል ምርቃት ነው። ሾፌራችን ይህን ሲሰማ "አሜን" ብሎ ማርሹን አስገባ።

ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ፍቼን አለፍን። ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱ ከባድ ነበር፤ አብዛኞቻችን ተኝተናል። ጎሃ ፅዮን ስንደርስ ኡስታ ቀሰቀሱኝ። ምድር ከፊታችን ተቆርጣ ወርዳለች።

አባይ በረሃን ብዙ ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ስወርድ ግን እንደ አዲስ አየሁት። ከጎሃ ፅዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ስንወርድ በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጃኬት ወለቀ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ያዩናል። ታች የጣልያን ጊዜ ካለፈ በኋላ የተሠራው አሮጌው ድልድይ አለ፤ ከጎኑ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በኬብል ተወጥሮ ቆሟል። ኡስታ ውሃውን እያዩ ዝም አሉ። ቆይተው "እኔ ልጅ ሆኜ ፍራት ውስጥ ዋኝቻለሁ" አሉ። የትውልድ ከተማቸው ጋዚያንቴፕ ናት፤ ከእሷ በስተምሥራቅ ትልቅ ወንዝ ይወርዳል። ፍራት የትኛው እንደ ሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ኤፍራጥስ ነው! ኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን ይወጣሉ ከሚላቸው ከአራቱ ወንዞች አንዱ፤ ግዮን ደግሞ የእኛ አባይ ነው ብለን ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው። ወጥ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ይህን ሲሰሙ አማተቡ። ለስድስት ዓመት ሾርባ ያበሉኝ ሰው የኤፍራጥስ ልጅ መሆናቸውን ያወቅሁት አባይ ላይ ነው።

ምሳ ደጀን በላን፤ በያይነቱ። የደጀን እንጀራ ነጭነቱ ያስደንቃል፤ የዚህ ደጋ ጤፍ ስም ያለው በከንቱ አይደለም። ኡስታ ሽሮውን እያጣቀሱ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። "ረቡዕና ዓርብ ለእኔ የዕረፍት ቀን ነው" አሉ። "በሌላው ቀን ሰው ሲጋብዘኝ ሥጋውን ማን አረደው ብዬ እጨነቃለሁ፤ እንቢ ካልኩ ሰው ይቀየማል። እናንተ ስትጾሙ ግን ከሁሉም ሰው ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ።" እኔ ጾሜን እስከዚያን ቀን ድረስ የራሴ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው።

ደብረ ማርቆስ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበር፣ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸውን እዚህ አድርገው እንደ ነበርና የአሁኑ ስሟ ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንደ መጣ ነገርኳቸው። እሳቸውም የእነሱ ከተማ ድሮ አንቴፕ ብቻ ትባል እንደ ነበር፣ በጦርነቱ ስላሳየችው ጽናት በአውሮፓውያኑ 1921 የቱርክ ምክር ቤት "ጋዚ" የሚል ማዕረግ እንደ ጨመረላት ነገሩኝ። ጋቢ ተከናንበን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ስለ ከተማ ስም እያወራን አመሸን።

ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን

ጠዋት ከሆቴሉ ስንወጣ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ከአንድ አጥር ሥር ቆመዋል። ለምድ ለብሰዋል፣ አኮፋዳ በትከሻቸው አንጠልጥለዋል። "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላሉ፤ አንዲት ሴት ወጥታ ቁራሽ እንጀራ ሰጠቻቸው። ኡስታ ልጆቹ የማን እንደ ሆኑ ጠየቁ። የማንም አይደሉም፤ ቅኔ ለመማር ከቤታቸው ወጥተው ሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ የሚያበላቸው አገሩ ነው አልኳቸው። መንገደኛም ከመሸበት "የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" ካለ በር እንደማይዘጋበት ጨመርኩ።

ቆም አሉ። "ምን ነኝ ይላል?"

ደገምኩላቸው።

"ታንሪ ሚሳፊሪ" አሉ። "ታንሪ አምላክ፣ ሚሳፊር እንግዳ። ሳይጠራ፣ ሳይታወቅ የመጣን ሰው አያቴ እንዲህ ነበር የሚሉት።" ከዚያ ያንን የመጀመሪያውን ማታ አስታወሱኝ። "አንተም እንደዚያ ነበርክ ሆጃም። ማንም አልጠራህም።"

መልስ አልነበረኝም። መኪና ውስጥ ገባን።

አማኑኤል ከተማ በባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ ያለ ነው። በቀኝ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከከተማው መኪናው በጥርጊያ መንገድ ትንሽ ከወሰደን በኋላ ቀሪውን በእግር ሄድን። አዝመራው ታጭዷል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ጤፍ ያበራያሉ፣ ገለባ በነፋስ ይበራል። ሙሽራው ነጭ ጋቢ ለብሶ እየሮጠ ሊቀበለን መጣ፤ አዲስ አበባ ሳህን ይዞ የማውቀው ልጅ እዚህ የመሬቱ ባለቤት ይመስላል። ኡስታን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ቀና አድርገው አቀፉት።

ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ስንገባ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሙሉ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። እኛ "በእግዚአብሔር" አልን፤ ኡስታ መልሱን ከእኛ ሰምተው ትንሽ ዘግይተው ደገሙት። ምግብ ቤታቸው በር ላይ የሚሉት ትዝ አለኝ፦ እሳቸው "ሆሽ ገልዲኒዝ" ሲሉ እንግዳው "ሆሽ ቡልዱክ" ማለት አለበት፤ አንዱ "ደህና መጣችሁ" ሲል ሌላው "ደህና አገኘናችሁ" ይላል። ለዓመታት ያንን ሲያስተምሩን የኖሩት ሰው አሁን የመልስ ተራው የእሳቸው ሆነ።

ቀጥሎ የሆነውን ረጋ ብዬ ልጻፈው። የሙሽራው ታናሽ እህት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ መጣችና ኡስታ እግር ሥር ተንበረከከች። ጫማቸውን ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ ደንግጠው ተነሡ። ፊታቸው ቀላ። "አይሆንም፣ አይሆንም" ይላሉ፤ በእሳቸው ቤት እንግዳ ሲያስተናግዱ የሚጎነብሱት እሳቸው ናቸው። እናትየው ከጓዳ ወጡ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሴት ናቸው። "ይቀመጡ ጌታዬ" አሉ። "እርስዎ አልደከመኝም ቢሉም እግርዎ ሩቅ መጥቷል።" ልጁ ተረጎመ። ኡስታ ተቀመጡ። ልጅቷ እግራቸውን እያሻሸች ስታጥብ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ነበር። 40 ዓመት ሙሉ እሳት ፊት የቆመ እግር ነው።

እግራቸው እንደ ደረቀ ከሻንጣቸው አንድ ጠርሙስ አወጡ። ኮሎንያ የሚሉት የሎሚ ሽቶ ነው፤ በቱርክ እንግዳ ሲገባ እጁ ላይ ይፈስሳል። በተራ ለሽማግሌዎቹ እጅ እያፈሰሱ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን አሽትተው ፊታቸውን አበሱ። ከመካከላቸው አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ የእንግዳውን አገር ጠይቀው ሲረዱ ጥቂት አሰቡ። በ16ኛው መቶ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጋር ተሰልፈው የዘመቱትን የቱርክ ወታደሮች ታሪክ የሚያውቁ ሰው ናቸው። "እኔ በመጽሐፍ የማውቀው ቱርክ ጠመንጃ ይዞ ነው የመጣው" አሉ። "ይኸኛው ሽቶ ይዞ መጣ። ዘመንን የሚለውጥ አምላክ ይመስገን።" ኡስታ ሲተረጎምላቸው ተነሥተው የመሪጌታውን እጅ ሳሙ፤ ከዚያም ግንባራቸው ላይ አደረጉት። በእነሱ ትልቅ ሰው የሚከበረው እንዲህ ነው።

ወደ ማታ አባትየው ኡስታን ወደ ጓሮ ወሰዷቸው፤ እኔም ተከተልኩ። አንድ ነጭ ሙክት ታስሯል። አባትየው ቢላዋ በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። ለሠርጉ በሬ ታርዷል፤ ይህ በግ ግን የኡስታ ነው፣ በእምነታቸው ባርከው ራሳቸው እንዲያርዱት። ያ ብቻ አይደለም። ከአማኑኤል ከተማ አንድ ሙስሊም ነጋዴና ባለቤታቸው ተጋብዘው መጥተዋል። ለምን እንደ ተጠሩ አባትየው ሲናገሩ እንደ ቀላል ነገር ነው፦ "እንግዳ ብቻውን ከበላ ምኑን በላው?" የነጋዴው ባለቤት የሚሠሩበት የሸክላ ድስትም አዲስ ነው። እናትየው ከገበያ ገዝተው፣ በደንብ አሟሽተው፣ ማንም እንዳይነካው ከሌላው ዕቃ ለይተው አስቀምጠውታል።

ኡስታ ድስቱን አዩት። ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው እጀታ ላይ ክር የማሰር ምልክት አሳዩኝ። ሙሽራው ለእናቱ ስለ ቀዩ ክር ነግሯቸው እንደ ነበር በኋላ ነው ያወቅሁት።

ይህን የድስት መለያየት እንደ መራራቅ የሚቆጥሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አንስማማም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ባደግሁበት ሰፈር ሠርግም ሐዘንም ሲኖር ሁለት ድስት ይጣድ ነበር፤ ሁለተኛውን ለመጣድ ተጨማሪ እንጨት፣ ተጨማሪ ሽንኩርት፣ ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ድካም ለማይፈልጉት ሰው የሚያወጣ የለም።

እሑድ፣ ጥር 19 ቀን

ስለ ሠርጉ ራሱ ብዙ አልልም፤ የጎጃም ሠርግ ያየ ያውቀዋል። ማሲንቆው፣ እስክስታው፣ ሙሽራዋ በበቅሎ ስትገባ የፈነዳው እልልታ፣ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱት ጎረምሶች ዱላቸውን ወደ ሰማይ እየሰበቁ የጨፈሩት ጭፈራ። መሪጌታውና ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ዳሱ በሙሉ "አሜን" ይል ነበር።

እኔ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ኡስታን ነው። ገና ሳይነጋ ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ማድ ቤት ደጃፍ ቆመዋል። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ወጥ ያማስላሉ፤ እሳቸው ማማሰያ ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ ሁሉም ጮኹ፤ እንግዳ እንዴት እሳት ይነካል! ዳስ ውስጥ መልሰው አስቀመጧቸው። ጥቂት ቆይተው ተነሥተው ሳህን ማንሣት ጀመሩ፤ ሚዜዎቹ ቀሟቸው። ከነጋዴውና ከባለቤታቸው ጋር በአዲሱ ድስት ዙሪያ ሲቀመጡ በደንብ በሉ፤ ጠላና ጠጅ ስለማይጠጡ እናትየው በማር የበጠበጡላቸውን ብርዝ በዋንጫ ጠጡ። "ኤሊኒዜ ሳሊክ" አሉ፤ "ለእጅዎ ጤና" ማለት ነው፤ እኛ "እጅዎ ይባረክ" እንደምንለው። ይሁን እንጂ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድመው ሳይ አዘንኩ። አስተናጋጅነት የለመደ ሰው እንግዳ ሲሆን ምን ያህል እንደሚቸገር አላውቅም ነበር። ይህንን ያስተዋልኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ሰኞ፣ ጥር 20 ቀን

ጠዋት እናትየው ኡስታን ራሳቸው ጠሯቸው። ማድ ቤት ውስጥ ሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ ተያይዟል፤ ከጎኑ በወንፊት የተነፋ ምስር አለ። "ትናንት እጅዎ ሥራ ፈትቶ አይቼዋለሁ" አሉ። "ሥራ የለመደ እጅ ሲቀመጥ ያማል። ልጄን ያሳደጉበትን ሾርባ ይሥሩልኝ፤ ልቅመሰው።"

ኡስታ ወዲያው አልጀመሩም። ትናንት በጉ የተሠራበትን ድስት አንስተው ወደ ጥግ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረው፣ ማንም ሳይተረጉም፣ በራሳቸው አማርኛ፦ "የሁላችሁም የሆነው ድስት የትኛው ነው?" አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ እንዲበላው ፈልገው ነው። እናትየው መልስ ሳይሰጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የራሳቸውን ድስት ከግድግዳው አወረዱላቸው።

እሳት ለመጨመር ሲፈልጉ ክብሪት ጠየቁ። ሴቶቹ ተገረሙ፤ በቱርክኛም "ክብሪት" ነው የሚባለው። ናናም ያው "ናኔ" ነው። ቃል እየቆጠርን ሳቅን። ቀይ ሽንኩርት አቁላሉ፣ ምስሩን ጨመሩ፣ እስኪሟሟ ጠበቁ፣ በማማሰያ ጀርባ ፈጩት። በመጨረሻ የሚፈስሰውን ቅቤ ቀይ በርበሬያቸው ስለሌለ በቤቱ ንጥር ቅቤና በቤቱ በርበሬ ሠሩት። ቅቤው ምስሩ ላይ ሲንጫጫ የወጣው ሽታ ቦሌ ከማውቀው የተለየ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት አለበት። ኡስታ ቀምሰው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

ሾርባው በእንጀራ የሚጠቀለል ባለመሆኑ በየኩባያው ተቀዳ። አባትየው ጠጥተው ዝም አሉ። እናትየው ግን ፍርዳቸውን አልሸሸጉም፦ "ጥሩ ነው፤ ግን ይህ እኮ የእኛው ምስር ወጥ ቀጥኖ ነው።" ሙሽራው ለመተርጎም አመነታ፤ ኡስታ አስገደዱት። ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ፤ ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም። ሁለተኛ ኩባያ የጠየቁት ግን ራሳቸው እናትየው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። አቦል፣ ቶና፣ ሦስተኛው በረካ። "በረካ" የሚለውን ሲሰሙ ኡስታ ስኒውን አስቀመጡ፤ ምግብ ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲቀበሉ ዘወትር የሚሉት "በረኬት ቬርሲን" እዚህ ቡናው ውስጥ ተገኘ፤ እግዚአብሔር በረከቱን ይስጥ ማለት ነው። ከዚያ የአገራቸውን አባባል ነገሩን፤ የአንድ ስኒ ቡና ውለታ 40 ዓመት ይታወሳል። እናትየው በጣታቸው ቆጠሩ። ልጃቸው ከኡስታ ቤት ከገባ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ፣ በየቀኑ ስንት ስኒ እንደሚሆን። አልጨረሱትም። "እንግዲህ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል" ብለው ተዉት።

ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን

አስተርዮ ማርያም ናት። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ መነሣት ስላልተፈቀደልን እስከ ረፋድ ቆየን። መሪጌታው መጥተው መረቁን፤ ለኡስታም "ከኤፍራጥስ ያመጣዎት በሰላም ይመልስዎ" አሉ። ወንዙን ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም፤ ወሬው ከእኛ መኪና ወጥቶ መሆን አለበት።

ስንቁ ከእኛ ይበልጣል፦ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ቅል ማር፣ ለምግብ ቤቱ ግማሽ ኩንታል ነጭ ጤፍ። ኡስታ ትከሻ ላይ እናትየው ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ አለበሷቸው። ከሸክላው ድስት ጋር ምን እንደሚደረግ ኡስታ ጠየቁ፤ ሊወስዱት ፈልገው ነበር መሰለኝ። እናትየው አልሰጡም። "እሱ የእርስዎ ነው፤ እዚሁ ይቀመጣል። ማንም አይነካውም። ሲመለሱ ይበሉበታል።" ቆጡ ላይ ተደፍቶ አየሁት።

መኪናው የቆመበት ድረስ ሁሉም ሸኙን። ሙሽራው አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ኡስታና እኔ እናውቃለን። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ከኋላችን አፈሩ ላይ አፈሰሰው፤ በቱርክኛም አንድ ነገር አለ። እናትየው ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ምን እንዳደረገ ጠየቁት። ሲነግራቸው በመስኮቱ አየኋቸው፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ። ውሃ እዚያ መንደር ከምንጭ በጀርባ ነው የሚመጣው፤ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ሴት ልጃቸው ያንን ጠዋት ያመጣችው ቢጫ ጀሪካን ከጎናቸው ተቀምጧል። ክዳኑን ፈቱ፣ በሁለት እጃቸው አነሡት፣ ከመኪናው ጀርባ እየተከተሉ መንገዱ ላይ አፈሰሱት፤ እስኪያልቅ።